ከቤተሰብ ሣጥን ወደ ሕዝብ ሙዚየም፦ የተለገሰ የሥነ ጥበብ ስብስብ ምንነትና ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ያለው ትርጉም

የግል የሥነ ጥበብ ስብስብ ማለት አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ በግዢ፣ በስጦታ ወይም በውርስ አግኝቶ በአንድነት የያዛቸው ሥዕሎች፣ የቀለም ሥራዎች፣ ጽሑፎችና ሌሎች የጥበብ ውጤቶች ናቸው። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ወይም በኑዛዜ እነዚህን ሥራዎች ያለ ዋጋ ለሙዚየም፣ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለዩኒቨርሲቲ ሲያስረክብ ስብስቡ ተለገሰ ይባላል። በብዙ ጽሑፎች «ክምችት» የሚለው ቃል በዚህ ቦታ ሲያገለግል ይታያል። ክምችት ግን የእህልና የሸቀጥ ሽታ ያለው ቃል ነው። ስብስብ መራጭ ዓይን አለው፤ ለምን ይህኛው ተይዞ ያኛው እንደተተወ የሚያውቅ ሰው ከኋላው አለ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ስብስብ እንዴት የሕዝብ ሀብት እንደሚሆን፣ በምን ምክንያት ከንቱ እንደሚቀርና በእጃቸው የጥበብ ሥራ ያለ ዜጎች ምን ማድረግ እንደሚችሉ ለማብራራት የቀረበ ነው።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ወይም የውጭ አገር ባለጸጎች ብቻ ሊመስል ይችላል። በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ከነፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ባለው አገር ግን ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን አጠናቅቆ ለመምህርነት የሚመሰክረው በዚያ ነው። የእስቴዋ ቆማ ፋሲለደስም በራሷ የዜማ ስልት ትታወቃለች። ታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ቤተልሔም ዘልቆ በክብ የሣር ጣሪያ ሥር ተሸፍኖ የኖረውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ለውጭው አንባቢ እስኪያስተዋውቅ ድረስ፣ ይህ ሕንፃ ከአካባቢው ሰው በቀር የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም። እንዲህ ባለ አገር የጥበብ ሥራ በቤተ መቅደስ ዕቃ ቤት ብቻ አይገኝም። ድጓ የሚማር ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ የመጻፍ ልማድ ስለነበረው፣ መሪጌታው ሲያርፍ ብራናው፣ የቀለም ቀንዱ፣ ብርዑ፣ ተጀምረው ያላለቁ ቅጠሎችና አንዳንድ ጊዜም የሥዕል ንድፎች ለልጆቹ ይቀራሉ። ልጆቹ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። ሣጥኑ እዚያው ይቀራል።

ያ ሣጥን በትክክለኛው ትርጉሙ የቀለም ጥበብ ስብስብ ነው። ባለቤቱ ግን በዚህ ስም አይጠራውም፤ «የአባባ መጻሕፍት» ይለዋል። መንግሥት ቅርስ፣ ሙዚየም ስብስብ፣ ቤተሰብ የአባት መታሰቢያ ብሎ የሚጠራው አንድ ዕቃ ነው። ስለ ልገሳ የሚነሣው አለመግባባት አብዛኛው ከዚህ የስም ልዩነት የሚመነጭ ይመስላል።

የአገራችን ጥቁር ቀለም እንዴት እንደሚዘጋጅ ማስታወስ ለሚቀጥለው ነገር ይረዳል። ቁም ጸሐፊው ከምጣድና ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ ይፍቃል። እህል አሳርሮ ይወቅጣል። እንደየመምህሩ ልማድ ቅጠላ ቅጠል ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ ከውሃ ጋር ለውሶ ለወራት እንዲብላላ ይተወዋል፤ ከብራናው ጋር እንዲጣበቅም የግራር ሙጫ ይገባበታል። በደንብ የበሰለ ቀለም ከመቶ ዓመታት በኋላም ይነበባል። ችኮላ የገባበት ቀለም ግን ይረግፋል፣ ወይም ገጽ ከገጽ ጋር ያጣብቃል። ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መክፈቻ ይጠበቃል። በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ትምህርትን ጭምር የሚያመለክተው፣ «የቀለም ሰው» ሲባልም የተማረ ማለት የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የብራናና የቀለም ቤት ወደ ዘመናዊው ሥነ ጥበብ የሚወስደው መንገድ ብዙዎች ከሚገምቱት አጭር ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ሰዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ቀለም የለመደው በአባቱ እጅ ሥር ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የእርሻ ትምህርት ትቶ በ1957 እ.ኤ.አ. ወደ ጀርመን ኮሎኝ ተጓዘና ሥዕል ተማረ። ሲመለስ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። የሰውንና የዕቃን ቅርጽ ትቶ በቀለምና በመስመር ብቻ የሚናገር ረቂቅ ሥዕል ለአገራችን ተመልካች ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ በመሆኑ ብዙ ነቀፌታም ብዙ አድናቆትም አተረፈ። በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ። በደርግ ዘመን ከአገር ወጣ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ሎውተን በምትባል ከተማ አረፈ።

ሰዓሊው በስደት ሲያርፍ ከሥራዎቹ ከፊሎቹ በጀርመን አገር ነበሩ። ሥዕል ባለቤቱ ከሞተ በኋላ በሰው አገር ሲቀር የሚደርስበት የታወቀ ነው። አንዱ ለአንዱ ይሸጠዋል፤ ስሙ በትክክል የማይጻፍበት ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ «የአፍሪካ ሥዕል» ተብሎ በጨረታ ይወጣል። የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ይህ ዕጣ አልደረሰባቸውም። በጀርመን ተጠብቀው ከቆዩ በኋላ ለኢትዮጵያ ተሰጡ። ዛሬ በስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘውና በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ይገኛሉ። ከጋይንት ለትምህርት የመጣ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ብዙም ሳይርቅ ሊያያቸው ይችላል። የአለቃው ልጅ ሥራ የሕዝብ የሆነው ሥዕሉን በአደራ የያዙት ሰዎች የማን እንደሆነ ስላወቁና ስላልሸሸጉ ነው።

ስለ ልገሳ ሲነገር ከሩቅ አገር የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ አለ። ለእኛ ጠቃሚ የሚሆነውም ነገሩ ስለ ቀለም በመሆኑ ነው። የቻይና ጥቁር ቀለም ከእኛው ጋር እጅግ ይዛመዳል። ከጥድ እንጨት ወይም ከዘይት መብራት የተሰበሰበ ጥላሸት ከእንስሳ ቆዳ በሚወጣ ሙጫ ተለውሶ በትር ሆኖ ይደርቃል። ሠዓሊው በድንጋይ ላይ በውሃ እየፈተገ በሚፈልገው መጠን ያቀጥነዋል ወይም ያወፍረዋል፤ ከዚያም በብሩሽ በስስ ወረቀት ላይ ይስላል። የእኛ ጸሐፊ የግራር ሙጫ የሚጨምርበት ቦታ ላይ የእነሱ የቆዳ ሙጫ ይጨምራል፤ ጥላሸቱ ያው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ሹ ቤይሆንግና ዣንግ ዳቺየን ያሉ ሠዓሊዎች ይህን ጥንታዊ ቀለም ይዘው ከምዕራቡ ሥዕል ጋር ተነጋገሩ። ከመካከላቸው ወደ ፓሪስ ሄደው የተማሩ ነበሩ። የጎንደሩ ተወላጅ አገኘሁ እንግዳም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዚሁ ትምህርት ፓሪስ እንደነበረ ማስታወስ ደስ ይላል።

ማይክል ሱሊቫን በካናዳ የተወለደ እንግሊዛዊ ነበር። በ1940 እ.ኤ.አ. ጦርነት ላይ ወደነበረችው ቻይና ሄዶ ለቀይ መስቀል የጭነት መኪና ይነዳ ጀመር። በዚያ ዉ ኾዋን የተባለች የሥነ ሕይወት ባለሙያ አግኝቶ በ1943 እ.ኤ.አ. አገባት። ጦርነቱን ሸሽተው ወደ ምዕራብ ቻይና ከመጡት ሠዓሊዎች ጋር ሁለቱም ወዳጅ ሆኑ። ሀብታሞች አልነበሩም፤ ስብስባቸው የተጀመረውም በገንዘብ ሳይሆን በወዳጅነት ነው። ሠዓሊዎቹ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለስንብት፣ ለምስጋና ሥዕል ሰጧቸው። ሱሊቫን የቻይና ሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ሆኖ ለሰባ ዓመታት ያህል ሲጽፍና ሲያስተምር ስጦታው ቀጠለ። ባለቤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. እርሱም በ2013 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ከ400 በላይ ሥራዎች ያሉት ስብስብ በኑዛዜ በኦክስፎርድ ለሚገኘው አሽሞሊያን ሙዚየም ተላለፈ። ሙዚየሙም በሁለቱ ስም የተሰየመ አዳራሽ አለው።

በእኛ ዓይን ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር ይበልጣል። በቻይና ልማድ ሠዓሊ ሥዕሉን ሲጨርስ በዳር በኩል ለማን እንደሠራው፣ መቼና በምን ምክንያት እንደሠራው በራሱ እጅ ይጽፋል፤ ቀይ ማኅተሙንም ያትምበታል። ስለዚህ የሱሊቫን ስብስብ ሲለገስ ሙዚየሙ የተረከበው ሥዕሉን ከነምስክሩ ነው። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደደረሰ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ብዙው በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የቀረውን ደግሞ ባልና ሚስቱ በማስታወሻቸውና በመጻሕፍታቸው ጽፈው ትተውታል። ዛሬ አንድ ተማሪ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ሲያይ በጦርነት መካከል ሁለት ሰዎች እንዴት እንደተዋወቁ ጭምር ያያል።

የእኛም ብራና እንዲህ ያለ ምስክር አለው። በመጽሐፉ መጨረሻ ጸሐፊው «ያጻፈው እገሌ፣ የጻፈው እገሌ» ብሎ ጸሎት ይለምናል፤ በባዶ ገጾች ላይም የመሬት ውል፣ የስጦታ ቃል፣ የውርስ ክፍፍል ይመዘገባል። ሥዕል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሠዓሊ ስም የለውም። ትሕትና ይባል ልማድ፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ የሥዕሉን ታሪክ የሚያውቁት ሽማግሌ ካረፉ ታሪኩም አብሮ ያርፋል። በዚህ ምክንያት አንድን ሥራ ያለ ታሪኩ መለገስ ግማሹን እንደ መለገስ ነው።

ታሪኩ ከዕቃው ሲለይ ምን እንደሚሆን ጋይንት በዓይኑ ያየው ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን በሰው ትከሻና ክንድ እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። ጉዞው እስከ መጋቢት 1868 እ.ኤ.አ. ፈጀ። ንጉሡ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት አሰባስበው ነበር። ምሽጉ በሚያዝያ ወር ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ዘርፎ በደላንታ ሜዳ ሚያዝያ 20 እና 21 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. በጨረታ ሸጠው። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ከጦሩ ጋር በሙዚየሙ ተልኮ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ለተቋሙ ዕቃ ይገዛ ነበር። የጎንደር ነገሥታት በዘመቻ ይዘውት የሚወጡትን ኩርዐተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ግን ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ በቤቱ ለዓመታት ተቀመጠ፤ ከሞቱ በኋላ በ1917 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተሸጠ፤ በኋላም ፖርቱጋል ገብቶ በግል እጅ ይገኛል። መዝገብ የገቡትን መጻሕፍት ቢያንስ የት እንዳሉ እናውቃለን፤ ቁጥራቸውንም ጠቅሰን እንጠይቃለን። በግል ቤት ተሸሽጎ የኖረውን ሥዕል ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ምእመን ሊሳለመው ይቅርና ሊያየው እንኳ አልቻለም። በግል እጅ ያሉ ሥራዎች በልገሳ የሚመለሱበት መንገድም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርቡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ከሽያጩ እንዲወጡ ኤምባሲያችን ከጠየቀ በኋላ ሼህረዛድ ፋውንዴሽን ከባለቤቶቻቸው ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከበ። ከነዚህ መካከል የቀንድ ዋንጫዎችና የጸሎት መጽሐፍ ይገኙባቸዋል።

በአገር ውስጥ የልገሳ ሥርዓት ሥር የያዘው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡ ራሱ ሕንፃው ልገሳ ነበር። ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ለዓመታት ያሰባሰቧቸው የገበታ ሥዕሎች፣ መስቀሎችና መጻሕፍት የሙዚየሙ መሠረት ሆኑ። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ለጎብኚ ሊሸጡ የነበሩ ሥዕሎችን እየገዛ ለሙዚየሙ ሲሰጥ ኖሯል። ኾይናትስኪ ያጠኗቸው የገበታ ሥዕሎች ዝርዝር በ2000 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። እንዲህ ያለ ዝርዝር አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሥዕል ጠፍቶ በውጭ ገበያ ቢወጣ «የእኛ ነው» ለማለት የሚያስችለው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥት ወይም በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ነጥብ በተደጋጋሚ ሊነገር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ «ካሳየሁ ይወሰድብኛል» ብሎ ስለሚፈራ ብራናውን ከጎተራ ሥር ይደብቃል። ማስመዝገብ ማስረከብ አይደለም። የተመዘገበ ቅርስ በባለቤቱ እጅ ይቆያል፤ ባለቤቱም በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጥገና ወይም እድሳት ሲያስፈልግ አስቀድሞ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ማስፈቀድ ይኖርበታል። ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን የሚወጣውም በሕግ በተፈቀደው መንገድ ብቻ ነው።

ልገሳ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል ነው። ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፤ ተቀባዩም መቀበሉን መግለጽ አለበት። ለጋሹ በስጦታው ላይ ግዴታ ሊያኖር ይችላል። ለምሳሌ ስብስቡ እንዳይበታተን፣ የአባቱ ስም በመግለጫው ላይ እንዲጻፍ፣ የአካባቢው ተማሪዎች በነጻ እንዲያዩት ሊጠይቅ ይችላል። በቃል የተባለ ነገር ኃላፊ ሲለወጥ ይረሳልና እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ መስፈር ይኖርባቸዋል። በሌላ በኩል ተቋሙ ሊፈጽመው የማይችለውን ግዴታ መቀበል አይገባውም። «ለዘላለም በአዳራሹ መካከል ይሰቀል» የሚል ቃል ያለበት ስጦታ መልካም ሐሳብ ያለው ቢሆንም ሥራውን ይጎዳል። በወረቀት ላይ ያለ የቀለም ሥራ ብርሃን ስለሚጎዳው ሙዚየሞች ለጥቂት ወራት አሳይተው ያሳርፉታል፤ የቻይና ሠዓሊዎችም የተጠቀለለውን ሥዕል በሣጥን አስቀምጠው ለእንግዳ ብቻ የሚፈቱት በከንቱ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ንብረትና የግል ንብረት መለየት አለባቸው። በዕቃ ቤት ያለ መጽሐፍ የደብሩ ነው፤ ለዓመታት ሲጠብቁት የኖሩ አባት እንኳ በግላቸው ሊለግሱትም ሊሸጡትም አይችሉም። በዚህ ረገድ የሚደረግ ማንኛውም ምዝገባ ወይም ውሰት በሰበካ ጉባኤውና በሀገረ ስብከቱ በኩል ያልፋል። የመሪጌታው የግል ድጓ፣ በቤተሰቡ ገንዘብ የተሣለ ሥዕል፣ የልጅ ልጅ በከተማ የገዛው ዘመናዊ ሥዕል ግን የግል ነው። አንዳንድ ጊዜ መለየቱ ያስቸግራል፤ አባት ከደብሩ ተውሰው ሳይመልሱ ያረፉበት መጽሐፍ በልጆች ሣጥን ይገኛል። ያን ጊዜ ከሙዚየም በፊት ደብሩን መጠየቅ ይቀድማል። የራስ ያልሆነውን መለገስ ለተቀባዩም ለሰጪውም ውርደት ነው።

ማንም ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ቤተሰቡ ራሱ ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ። በመጀመሪያ ዕቃውን ከምድጃ ጭስ፣ ከጣሪያ ፍሳሽና ከአይጥ ማራቅ ያስፈልጋል። ብራናን በላስቲክ መጠቅለል እርጥበት ያፍንበታልና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይመረጣል። የደበዘዘ ሥዕልን በሎሚ፣ በቅባት ወይም በሳሙና ማጽዳት ፈጽሞ አይገባም፤ አዲስ ቀለም መቀባት ደግሞ ከማጥፋት አይለይም። ቀጥሎ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ተራ የእጅ ስልክ ይበቃል፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ሁሉ፣ የተቀደደውን ጭምር። ቁመቱና ወርዱ በሴንቲ ሜትር ይለካ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ጊዜውም የሚያልፍ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ያሉ አረጋዊ ወይም አረጋዊት ሳሉ ይጠየቁ። ይህን ማን ጻፈው? ማን ሣለው? ከየት መጣ? በጣሊያን ጊዜ የት ተደበቀ? ለምን ለእኛ ደረሰ? መልሱ በእርሳቸው አነጋገር እንዳለ ይጻፍ፤ የጠያቂው ስምና ቀኑም ይጨመር። «አያቴ እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ» ማለት ነውር የለውም፤ እርግጠኛ ያልሆኑበትን እርግጠኛ መስሎ መጻፍ ግን ተመራማሪን ያሳስታል። አንድ ገጽ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር ቢቀመጥ የቻይናው ሠዓሊ በሥዕሉ ዳር የሚጽፈውን ቃል ያህል ያገለግላል።

ምዝገባ የሚፈልጉ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ነዋሪዎች በየወረዳቸው የሚገኘውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ፤ ጥያቄው እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይደርሳል። ለመለገስ የወሰነ ሰው ደግሞ ለሥራው የሚስማማውን ተቋም ይምረጥ። የብራና መጻሕፍትና መዛግብት በተለምዶ ወመዘክር ተብሎ በሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የገበታ ሥዕልና መስቀል በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ዘመናዊ ሥዕል በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ተመሳሳዮቻቸውን ያገኛሉ። ሩቅ መስሎ የታየው ሰው በአቅራቢያው ያለ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበልበት ሁኔታ መኖሩን ይጠይቅ። እኔ በበኩሌ፣ አስተማማኝ መዝገብና ደረቅ ክፍል እስካለ ድረስ፣ ሥራው ከተወለደበት አገር ባይርቅ እመርጣለሁ። መዝገብና ደረቅ ክፍል ከሌለ ግን ቅርበት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ርክክቡ ሲፈጸም ሦስት ነገሮች በእጅ ሳይያዙ መሄድ አይገባም፤ የተፈረመና ማኅተም ያለበት የርክክብ ሰነድ፣ የእያንዳንዱ ሥራ ዝርዝር ከነመለያ ቁጥሩ፣ እንዲሁም የተስማሙባቸው ግዴታዎች ቅጂ። ቅጂው አንዱ በቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጅ ወደ ሙዚየሙ መጥቶ «የቅድመ አያቴ ድጓ እዚህ ነበር» ቢል ሠራተኛው ቁጥሩን ተመልክቶ የሚያወጣለት በዚህ ወረቀት ነው።